ስስ ላሜራ በብየዳ ጊዜ ስለሚጣመምበት ምክንያትና ስለ መከላከያው

የሱቅ በር፣ የዕቃ መደርደሪያ፣ የገንዘብ ሣጥን፣ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ የጭነት መኪና የጎን ግድግዳ፣ እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው ከስስ የብረት ላሜራ ተቈርጠው በብየዳ የሚጋጠሙ ዕቃዎች ናቸው። ላሜራውን ከውጭ አገር የሚያስመጣው ነጋዴ፣ በችርቻሮ የሚሸጠው ባለሱቅና ሥራውን የሚያዘው ደንበኛ ብየዳውን በእጃቸው አይሠሩትም። ነገር ግን የተሠራው በር ሆዱ ተነፍቶ ወይም ጠርዙ ተንሻፎ ከመቃኑ አልገጥም ያለ እንደ ሆነ፣ ኪሣራው ከነዚህ ሰዎች በአንዱ ላይ መውደቁ አይቀርም። በዚህ ጊዜ በያጁ ላሜራውን ይነቅፋል፤ ላሜራ ሻጩ በያጁን ይነቅፋል፤ አዛዡም ሁለቱን ይከስሳል። ጠቡ የሚረዝመው የመጣመሙ ምክንያት ተለይቶ ስለማይታወቅ ነው። ምክንያቱን ለሚያውቅ ሰው ግን ጥፋቱ ከማን እንደ መጣ የሚያመለክቱ ምልክቶች ራሱ ዕቃው ላይ ይገኛሉ፤ ከጥፋቱም የሚበዛው ክፍል እሳቱ ከመጫሩ በፊት፣ ላሜራው ሲመረጥና ትእዛዙ ሲጻፍ ሊወገድ የሚችል ነው።

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ተራ ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር 1.2 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ብረቱ በሙሉ እኩል ሞቆ እኩል ቢቀዘቅዝ ኖሮ ወደ ቀድሞ መጠኑ ስለሚመለስ ምንም ጉዳት ባልደረሰበት ነበር። በብየዳ ጊዜ ግን የሚሆነው ሌላ ነው። መጋጠሚያው ላይ ያለው ጠባብ መስመር 1,500 ዲግሪ ያህል ደርሶ ሲቀልጥ፣ ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው የላሜራ ክፍል ገና በእጅ የሚዳሰስ ነው። የጋለው መስመር ሊረዝም ይሻል፤ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ግን አላላውስ ይለዋል። የጋለ ብረት ለስላሳ ስለ ሆነ በርዝመቱ መሄድ ቢያቅተው ባለበት ተጨምቆ ይወፍራል። ኋላም ሲቀዘቅዝ ከዚያ ከተጨመቀው መጠኑ ተነሥቶ ያጥራል፤ በመጨረሻም ከጐረቤቱ ያነሰ ርዝመት ይዞ ይቀራል።

ነገሩን ለመረዳት የጠፍር አልጋን ማስታወስ ይበቃል። ጠፍሩ በእርጥብነቱ ተወጥሮ ይታሰራል፤ ሲደርቅ ያጥርና ይጠብቃል። የአልጋው ቋሚና አግዳሚ ጠንካራ እንጨት የሆነ እንደ ሆነ ጠፍሩን ይችለዋል፤ ስስ እንጨት የሆነ እንደ ሆነ ግን ይጎብጣል። የብየዳ መስመርም በላሜራ ላይ እንደ ደረቀ ጠፍር ነው። ልብስ ሰፊ ክሩን አጥብቆ ሲስብ ጨርቁ እንደሚጨማደድ ሁሉ፣ ያጠረው የብየዳ መስመር ላሜራውን ይስበዋል፤ ላሜራውም የሚችለው አቅም ከሌለው ይሸበሸባል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀት ብዙ መስሎ ለሚታየው ሰው አንድ ሒሳብ ማሳየት ይጠቅማል። ተራ ብረት ከሁለት ወገን እንዳይላወስ ተደርጎ ቢያዝና ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ያህል ብቻ ቢጨምር፣ መረዘም ስለማይችል በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ብረቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ከሚችልበት ወሰን ላይ ይደርሳል። የውሃ መፍያ ሙቀት ይህን ያህል የሚያደርግ ከሆነ፣ ብረትን የሚያቀልጥ እሳት ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ መጣመምን ፈጽሞ የሚያጠፋ በያጅ የለም። የጎበዝ በያጅ ሥራ መጠኑን ማሳነስና ወደማይጎዳበት ስፍራ መምራት ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴውን በቀጥታ የሚነካው የውፍረት ጉዳይ ይመጣል። የጠፍጣፋ ብረት መጉበጥን የመቋቋም ኀይል ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲያድግ ጽናቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። እንደዚሁም ውፍረቱ ጥቂት ሲጓደል ጽናቱ ብዙ ይጓደላል። 1.5 ሚሊሜትር ተብሎ የተሸጠ ላሜራ በእውነቱ 1.2 ሚሊሜትር የሆነ እንደ ሆነ፣ የጐደለው ብረት አንድ አምስተኛ ብቻ ሲሆን የጐደለው ጽናት ግን ግማሽ ያህል ነው። በያጁ የለመደውን እሳትና የለመደውን ፍጥነት ይዞ ሲሠራ ላሜራው ይሸበሸብበታል፤ ስሙም ያለ ጥፋቱ ይጠፋል።

ይህን ለማወቅ ካሊፐር የተባለው የውፍረት መለኪያ ሁልጊዜ ላይገኝ ይችላል፤ ሚዛን ግን በየመጋዘኑ አለ። አንድ ካሬ ሜትር የሆነ ተራ የብረት ላሜራ በያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት 7.85 ኪሎግራም ይመዝናል። ስለዚህ ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ላሜራ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ከሆነ 15.7 ኪሎ፣ 1.2 ሚሊሜትር ከሆነ 18.8 ኪሎ፣ 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ 23.5 ኪሎ፣ 2 ሚሊሜትር ከሆነ 31.4 ኪሎ ያህል መመዘን አለበት። ፋብሪካዎች በውፍረት ላይ ጥቂት የመብለጥና የማነስ ፈቃድ ስላላቸው የግራም ልዩነት ሻጩን አያስወቅስም። የ4 ኪሎ ልዩነት ግን የፋብሪካ ፈቃድ አይደለም። አስመጪውም ዕቃውን ሲረከብ አሥር ያህል ላሜራ ከየጥቅሉ መካከል አውጥቶ ቢመዝን፣ ከዚያ በኋላ ከደንበኞቹ ጋር ከሚመጣው ክርክር ራሱን ያድናል።

ከውፍረቱ ሌላ የላሜራው አቀማመጥም ይታያል። ከጥቅልል ተፈትቶ የተቈረጠ ላሜራ በደንብ ካልተዳመጠ የጥቅልሉን ጉብጠት ይዞ ይቀራል፤ በውስጡም የተደበቀ ውጥረት አለ። ላሜራውን በደልዳላ ወለል ላይ አጋድሞ በዐይን ማየት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ከብየዳ በፊት ሞገድ የነበረው ላሜራ ከብየዳ በኋላ ሞገዱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። እርጥበት ገብቶበት የዛገም እንደ ሆነ በያጁ ዝገቱን ለማሸነፍ እሳት ይጨምራልና፣ በመጋዘን ውስጥ ላሜራን ከወለል አንሥቶ በእንጨት ላይ ማስቀመጥ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው የሙቀቱ መጠን ነው። በአንድ ሚሊሜትር የብየዳ መስመር ላይ የሚገባው ሙቀት ቮልቱ በአምፔሩ ተባዝቶ፣ የተገኘው ውጤት በያጁ በሴኮንድ በሚጓዘው ሚሊሜትር ሲካፈል ይገኛል። ለምሳሌ በ18 ቮልትና በ70 አምፔር የሚሠራ በያጅ በሴኮንድ 5 ሚሊሜትር ቢጓዝ፣ በያንዳንዱ ሚሊሜትር ላይ 252 ጁል ያፈስሳል፤ ከዚህም ውስጥ ጥቂቱ ወደ አየር ይባክናል። በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው አምፔር በሴኮንድ 3 ሚሊሜትር ብቻ የሚጓዝ እንደ ሆነ 420 ጁል ይሆናል። እንግዲህ እጁ የሚዘገይ በያጅ ቀስ ብሎ በጥንቃቄ የሚሠራ መስሎ ቢታይም፣ በስስ ላሜራ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል። ፍጥነትና አነስተኛ እሳት በአንድነት እንዲሄዱ ያስፈልጋል።

የመሣሪያው ዓይነትም ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የኦክሲጅንና የአሲቲሊን ነበልባል 3,100 ዲግሪ ያህል ሙቀት አለው፤ ከኤሌክትሪክ ቅስት ሙቀት ጋር ሲነጻጸር ግን ዝቅ ያለና የተበታተነ ስለ ሆነ፣ ብረቱን እስኪያቀልጥ ድረስ ዙሪያውን ሁሉ ያግላል። ለስስና ለሰፊ ላሜራ የሚመረጥ አይደለም። በኤሌክትሮድ የሚሠራ ሰው 1.5 ሚሊሜትር ላሜራ በ2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ፣ ከ40 እስከ 60 አምፔር ባለው ኀይል ሊበይድ ይችላል። በብዙ ሱቅ እንደ ልብ የሚገኘው የ3.25 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ግን ወደ 100 አምፔርና ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ፣ ላሜራውን ወይ ይበሳዋል ወይ ያጣምመዋል። በያጁ ቀጭኑን ኤሌክትሮድ ከገበያ ሲያጣ በወፍራሙ ለመሥራት ይገደዳል፤ ይህም የባለሱቁ ድርሻ ነው። በጋዝ እየተከለለ ያለማቋረጥ ሽቦ የሚመግበው መሣሪያ፣ 0.6 ወይም 0.8 ሚሊሜትር ሽቦ ሲገባለት፣ ለስስ ላሜራ ከሁሉ ይልቅ ይስማማል። በተንግስተን ዘንግ የሚሠራው ብየዳ ውበቱ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ጉዞው ዘገምተኛ ስለ ሆነ ብዙዎች እንደሚያስቡት ሁልጊዜ አነስተኛ ሙቀት ያስገባል ማለት አይደለም።

የኤሌክትሪክ መሥመሩ ኀይል ሲዋዥቅ የአሮጌው ዓይነት የብየዳ ትራንስፎርመር አምፔርም አብሮ ይዋዥቃል። በያጁ በቀን ያስተካከለው መሣሪያ ማታ ሌላ እሳት ይሰጠዋል። ኢንቨርተር የተባሉት መሣሪያዎች ይህን በተወሰነ መጠን ያቃናሉ፤ ስለዚህ አስመጪው መሣሪያ ሲያዝ 220 ቮልት የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ ማለፍ የለበትም። ከስንት እስከ ስንት ቮልት ድረስ ሳይዛባ እንደሚሠራ ከፋብሪካው በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሦስተኛውና አዛዡ ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበት ነገር የብየዳው ብዛት ነው። ደንበኛው ጠንካራ ሥራ እንዲሠራለት ሲሻ፣ «ዙሪያውን በሙሉ በይደው፣ ብየዳውም ወፍራም ይሁን» ብሎ ያዛል። በዚህ ትእዛዝ የገዛ በሩን ራሱ ያጣምማል። ማዕዘን ላይ የሚውለው ብየዳ የእግሩ ስፋት 3 ሚሊሜትር ሲሆን የሚበቃውን፣ 6 ሚሊሜትር ይሁን የተባለ እንደ ሆነ፣ የሚፈስሰው የቀለጠ ብረት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ በር ላሜራው ከቱቦላሬው ክፈፍ ጋር በዙሪያው ሁሉ ሲበየድ 6 ሜትር የብየዳ መስመር ይሆናል። በየ10 ሳንቲሜትሩ 2.5 ሳንቲሜትር ብቻ ቢበየድ ግን ጠቅላላው 1.5 ሜትር ነው፤ ለተራ በርም ይበቃል። በሩ ዝናብ የሚያገኘው ከሆነ በብየዳዎቹ መካከል የቀረው ክፍተት ውሃ አቍሮ እንዳይዝግ በማሸጊያ ይደፈናል። የውሃ ማጠራቀሚያ ግን መፍሰስ ስለሌለበት በዚህ መንገድ ሊሠራ አይችልም፤ እርሱ ሌላ ጥበብ ያስፈልገዋል።

ይህም ጥበብ የቅደም ተከተል ጥበብ ነው። ጎበዝ በያጅ መስመሩን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እስከ ሌላው ጫፍ በአንድ ትንፋሽ አይጨርስም። መጀመሪያ ሁለቱን ላሜራዎች ያለ ክፍተት ያጋጥማል፤ ክፍተት ያለ እንደ ሆነ እርሱን ለመሙላት ተጨማሪ ብረትና ተጨማሪ ሙቀት ያስፈልጋልና። ከዚያም በየ3 እስከ 5 ሳንቲሜትሩ ትናንሽ ማያያዣ ነጥቦች ያደርጋል፤ ከመካከል ጀምሮ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ። ነጥቦቹ ከተያዙ በኋላ ብየዳውን በአጫጭር ክፍል ከፋፍሎ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሠራዋል። ሥራው በጠቅላላ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ከሆነ፣ እያንዳንዱ አጭር ክፍል ከቀኝ ወደ ግራ ይበየዳል፤ የአዲሱ ክፍል ማብቂያ የቀደመው ክፍል መነሻ ላይ ያርፋል። ወይም ደግሞ አንዱን ክፍል እዚህ፣ ሁለተኛውን ራቅ አድርጎ እዚያ እየሠራ የመጀመሪያው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። እጅ ለማሳረፍ የማያስችል ትኩሳት ባለበት አጠገብ ሌላ ብየዳ አይጀምርም። በክፈፍም ላይ በአንድ ወገን የሠራውን ወዲያው በተቃራኒው ወገን በማመዛዘን ሁለቱ እንዲጓተቱ ያደርጋቸዋል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃል። ስድስት በር በሁለት ቀን ጨርስ የተባለ በያጅ እስኪቀዘቅዝ ሊጠብቅ አይችልም፤ ስድስቱንም በሮች በአንድነት ዘርግቶ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ እንዲበይድ ቢደረግ ግን ጊዜ ሳይባክን ብረቱ ይቀዘቅዛል። አዛዡ ይህን ካወቀ በሮቹን አንድ በአንድ አምጣልኝ ከማለት ይቆጠባል።

ላሜራውን ከወፍራም ጠረጴዛ ጋር በማጥበቂያ አስሮ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አለመፍታትም መጣመሙን ይቀንሳል። ከመጋጠሚያው በታች የመዳብ ጠፍጣፋ ቢደረግ ደግሞ ይበልጥ ይረዳል፤ መዳብ ሙቀትን የሚያሳልፍበት ኀይል ከተራ ብረት ስምንት እጥፍ ያህል ስለ ሆነ ትኩሳቱን ከላሜራው ይስበዋል፣ የቀለጠውም ብረት በቀላሉ አይጣበቅበትም። የዚህ ዓይነት የመዳብ ቁራጭ አንድ ጊዜ ከተገዛ ለብዙ ዘመን ያገለግላል፤ የመሣሪያ ነጋዴዎችም ከማጥበቂያዎች ጋር አብረው ቢያቀርቡት ገዢ አያጡም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ላሜራውን ከብየዳ በፊት ማጽናት ነው። ጠርዙ በማጠፊያ መሣሪያ 2 ሳንቲሜትር ያህል የታጠፈ፣ ወይም መካከሉ ላይ በጭነት መኪና ጎን እንደሚታየው ያለ ጐድጓዳ መስመር የተጨፈለቀበት ላሜራ፣ ከወፍራም ላሜራ ያላነሰ ጽናት ያገኛል። በመኪና ግድግዳ ላይ ያሉት እነዚያ መስመሮች ለጌጥ ብቻ የተሠሩ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ለማጠፊያ የሚከፈለው ገንዘብ ኋላ ለማቃናት ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ዚንክ የተቀባ ላሜራ የራሱ ችግር አለው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ብየዳውን ያቦረቡረዋል፣ በያጁንም ከጥቂት ሰዓት በኋላ በሚመጣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ በሚል ሕመም ይይዘዋል። ወተት መጠጣት ከዚህ ይከላከላል የሚባለው እምነት መሠረት የለውም። የሚከላከለው መጋጠሚያው ላይ ያለውን ዚንክ አስቀድሞ መፋቅ፣ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ መሥራትና ለብረት ጢስ የተሠራ የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ነው።

የማይዝግ ብረት ደግሞ ከተራው ይበልጥ ይጣመማል። ለአንድ ዲግሪ የሚረዝመው ከተራ ብረት በሲሶ ያህል ይበልጣል፤ ሙቀትንም የሚያሳልፍበት ኀይል አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ትኩሳቱ በአንድ ቦታ ታምቆ ይቀራል። የወተት ጋንና የምግብ ቤት ጠረጴዛ የሚያሠሩ ነጋዴዎች ዋጋው ለምን ከፍ እንደሚል ሲጠይቁ፣ አንዱ መልስ ይህ ነው። በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ የነበረው የባድ ኩባንያ በዚህ ብረት የባቡር ሠረገላ ሊሠራ በተነሣ ጊዜ ችግሩን ያሸነፈው በነጥብ ብየዳ ነበር። የነጥብ ብየዳ መሠረት የሆነው፣ በኤሌክትሪክ መቋቋም ብረትን የማጋጠም ዘዴ በኤሊሁ ቶምሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. የፈጠራ መብት የተሰጠበት ነው። ኩባንያው ኀይሉ እጅግ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲያልፍ አድርጎ፣ ሙቀቱ ወደ ዙሪያው ሳይስፋፋ ላሜራዎቹን አጣበቀ፤ በ1934 ዓ.ም. ዜፊር የተባለው ባቡር በዚሁ መንገድ ተሠርቶ ከዴንቨር እስከ ቺካጎ በአንድ ቀን ሮጠ። መደርደሪያና ሣጥን በብዛት ለሚያመርት ድርጅት የነጥብ ብየዳ መሣሪያ ዛሬም ከሁሉ የሚያዋጣ ነው፤ ላሜራው በሁለት የመዳብ ጫፎች መካከል ተጨምቆ ስለሚያዝ የሚጣመምበት ዕድል እጅግ ያነሰ ነው።

የተጣመመው ዕቃ ሊቃና ይችላል፤ ነገር ግን ብዙ ሠራተኞች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። ሆዱ የተነፋ ላሜራ መካከሉን በመዶሻ ሲመታ የበለጠ ይነፋል፤ መዶሻ ብረትን ይዘረጋዋልና፣ መካከሉ ደግሞ አስቀድሞም ከዙሪያው የረዘመ ነው። መዘርጋት ያለበት ያጠረው የብየዳ መስመር ስለ ሆነ፣ ከሥሩ ከባድ ብረት ተይዞለት በቀላሉ የሚመታው እርሱ ነው። ወይም የተነፋው መካከል የአምስት ሳንቲም ያህል ስፋት ባላቸው ነጥቦች፣ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ብቻ እየጋለ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ነጥብ ያጥርና መካከሉን ይሰበስበዋል። ነጥቦቹ ተራርቀው፣ አንዱ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ሳይጀመር መሠራት አለባቸው። ቀለም የተቀባ ወይም ዚንክ የለበሰ ዕቃ ግን በዚህ መንገድ ሲቃና ልባሱ ይጠፋል።

ክርክር በተነሣ ጊዜ እንግዲህ የሚታዩት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው። ዙሪያው ሁሉ ሳይቋረጥ ተበይዶ መካከሉ የተነፋ እንደ ሆነ፣ ዙሪያው አጥሮ መካከሉ ተርፏልና፣ ብየዳው በዝቷል፤ ይህን ያዘዘው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። መካከሉ ላይ ረዥም ብየዳ አልፎበት ጠርዞቹ ሞገድ የሆኑ እንደ ሆነ፣ መስመሩ ሳይከፋፈል በአንድ ጉዞ የተሠራ መሆኑ ያጠራጥራል። አራቱ ማዕዘናት በአንድ ሜዳ ላይ አልቀመጥ ካሉ፣ ክፈፉ ከመጀመሪያው አልተስተካከለም ወይም አንዱ ወገን ቀድሞ ተጨርሷል። የብየዳው መስመር በየቦታው ተበስቶ የተደፈነ እንደ ሆነ ኤሌክትሮዱ ወፍሯል ወይም አምፔሩ በዝቷል። ብየዳው ቀጭንና የተቈራረጠ፣ አሠራሩም ንጹሕ ሆኖ ሳለ ላሜራው የተሸበሸበ እንደ ሆነ ግን፣ ከዚያው ጥቅል የቀረ ላሜራ ሚዛን ላይ ይውጣ።

በትእዛዝ ወረቀት ላይም የላሜራው ውፍረት በሚሊሜትር፣ የአንዱ ላሜራ ክብደት በኪሎ፣ ብየዳው የሚቋረጥ ወይም የማይቋረጥ መሆኑ፣ የእግሩ ስፋት፣ ጠርዙ የሚታጠፍ መሆን አለመሆኑ ይጻፋል። ዕቃው ሲያልቅ ሊኖረው የሚፈቀድለት ጉብጠትም ይወሰናል፤ ለምሳሌ በሩ ላይ ቀጥ ያለ የ1 ሜትር ማስመሪያ ሲጋደም ከሥሩ ከ3 ሚሊሜትር የበለጠ ክፍተት እንዳይታይ ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቍጥር ከበያጁ ጋር በስምምነት የሚቈረጥ ሲሆን፣ ለመጋዘን በር ሊሰፋ፣ ለመስታወት ሣጥን ሊጠብ ይችላል። ርክክቡ ከቀለም በፊት ይደረጋል፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ማቃናት ሁለተኛ ወጪ ነውና።